ትራይ ቬሌን፦ ከስካርፕ ፊት ለፊት ያለው አሸዋ

ስኮትላንድ ውስጥ አሸዋ ያለው የባህር ዳርቻ አለ ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ የድሮ ቤተመንግስት፣ በቃ ሰው የሚያውቀው ይሄን ነው። ግን በምዕራብ በኩል አትላንቲክ ውስጥ ተደርድረው ያሉት አውተር ሄብሪዲስ የሚባሉት ደሴቶች ላይ ያለው አሸዋ ነጭ ነው፣ የምር ነጭ፣ በእጃችሁ ስትዘግኑት እንደ ማኛ ጤፍ ዱቄት የላመ። ነጭ የሆነው አብዛኛው የዛጎል ስባሪ ስለሆነ ነው፣ ማዕበሉ ስንት ሺህ አመት ሲፈጨው የኖረ ዛጎል። ስሩ እንደዛ ነጭ፣ ውሀው ደሞ ጥርት ያለ ስለሆነ ፀሀይ ብቅ ስትል ባህሩ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይቀያየራል፣ ዳመና ሲመጣ ደሞ ወዲያው ግራጫ ይሆናል። ሰው ካሪቢያን ይመስላል ይላል፣ እኔ ግን ይሄ አባባል አይዋጥልኝም፣ ቦታው ራሱን ነው የሚመስለው።

ሃሪስ የምትባለው ናት ለዚህ ዋና ታዋቂዋ። ደሴት ትባላለች እንጂ ለብቻዋ የቆመች አይደለችም፣ በሰሜን በኩል ካለችው ሉዊስ ጋር አንድ መሬት ናቸው፣ የሚለያቸው ባህር ሳይሆን ተራራ ነው። ሃሪስ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ላስከንታየር ወደሚባለው ዳርቻ ነው፣ መኪና አጠገቡ ድረስ ይገባል፣ ፎቶውን ሁላችሁም የሆነ ቦታ አይታችሁት ይሆናል፣ ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። እኔ ዛሬ ልፅፍ የፈለኩት ግን ስለ ሌላኛው ነው፣ ትራይ ቬሌን ስለሚባለው፣ በእግር ካልሆነ የማይደረስበት። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ግላስጎ መጥታ ነበር እና ከሷ ጋር ነው የሄድኩት፣ እዛ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ የነገረችኝ ነገር ስላለ ነው መፃፍ ያለብኝ ያልኩት። (አመተ ምህረቱን በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ የኛ የሆነበት ቦታ ላይ እነግራችኋለሁ።)

ከግላስጎ ጉዞው ረጅም ነው። በፎርት ዊሊያም አድርጋችሁ ወደ ስካይ ደሴት ትሄዳላችሁ፣ ስካይ ከ1995 ጀምሮ ድልድይ ስላላት መርከብ አያስፈልግም፣ እሷን ሙሉ አቋርጣችሁ ሰሜን ጫፍ አካባቢ ኡይግ የሚባል ወደብ ትደርሳላችሁ፣ ከዛ መኪናችሁን ጭኖ ሃሪስ ላይ ወዳለችው የወደብ መንደር ታርበርት የሚወስዳችሁ መርከብ አለ፣ 1 ሰአት ከ40 ደቂቃ ገደማ። እናቴ እድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ትልቅ ውሀ ላንጋኖ ነው፣ ባህር ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ስለነበር መርከቡ ሲነሳ አማትባ ጀመረች፣ ትንሽ ቆይታ ደሞ ውጪ ወጥተን እንቁም ብላኝ በዛ ንፋስ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ ታርበርት ድረስ ቆማ ሄደች። ግቢ ብላት እምቢ።

እሁድን ማወቅ አለባችሁ። ሉዊስና ሃሪስ ላይ ሰንበት በጣም ይከበራል፣ ህዝቡ ፕሮቴስታንት ነው፣ ፍሪ ቸርች የሚባለው ጠንካራ ነው፣ እና እሁድ ታርበርት ውስጥ ሱቅ አይከፈት፣ ልብስ ውጪ ላይ የሚሰጣ ሰው እንኳን የለም ማለት ይቻላል። ከሉዊስ ዋናው የስኮትላንድ ምድር ላይ ወዳለችው ኡላፑል የሚሄደው መርከብ እሁድ መስራት የጀመረው በ2009 ነው፣ ያኔም ትልቅ ተቃውሞ ነበር፣ ሉዊስ ላይ ስቶርኖዌይ ከተማ ያለው ቴስኮ የሚባለው ሱፐርማርኬት ደሞ እሁድ መክፈት የጀመረው በ2024 መጨረሻ ነው፣ ይሄም ሲያነታርክ ነበር። ቱሪስቱ ይማረራል። እናቴ ግን ያረፍንበት ቤት ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ነገሩን ሲያስረዱን በጣም ነው ደስ ያላት፣ «ታዲያ ሰንበት ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ በአማርኛ፣ ተርጉሚላቸው ብላ። ተረጎምኩላቸው፣ ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ፣ ከዛ በኋላ ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ ሻይ እየጠጡ ጥሩ ጊዜ አሳለፉ። ስለዚ እሁድ አረፍን፣ የሄድነው ሰኞ ነው።

ከታርበርት ትንሽ ወጣ ብላችሁ ወደ ግራ የምትታጠፍ ጠባብ መንገድ አለች፣ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ፣ በየመሀሉ ማሳለፊያ ቦታ እየተሰራላት 20 ኪሎሜትር ገደማ ሄዳ ሁሺኒሽ የሚባል ቦታ ላይ ታልቃለች፣ ከዛ ወዲያ መንገድ የለም። ይቺ መንገድ ለብቻዋ ታሪክ ናት። መጀመሪያ ላይ ባህሩ ዳር አንድ ረጅም የጡብ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ፣ በ1904 ኖርዌዮች አሳነባሪ እየገደሉ ዘይት ለማውጣት የሰሩት ጣቢያ ነው። በኋላ ሎርድ ሌቨርሂዩም ገዛው፣ ሰውየውን ባታውቁት ሳሙናውን ታውቁታላችሁ፣ ላይፍቦይን የሰራው ካምፓኒ ባለቤት ነው። በ1918 ሉዊስን በሙሉ፣ በ1919 ሃሪስን ገዛ። ደሴት ከነሰዎቹ፣ እንደ እቃ! ትልቅ የአሳ ኢንዱስትሪ አቋቁማለሁ ብሎ ወደብ ምናምን ማስገንባት ጀመረ፣ በ1925 ሲሞት ሁሉም ነገር ቆመ። ከዛ ደሞ መንገዷ አንድ ቤተመንግስት በር ላይ ትደርሳለች፣ አቪንሱይ ይባላል፣ በ1860ዎቹ የዳንሞር መስፍን ያሰራው፣ እና መንገዱ ቤቱን አይዞረውም፣ ቀጥታ በግቢው በራፍ ስር ነው የሚያልፈው፣ መስኮታቸው ስር። አጋዘኖች ደሞ መንገዱ ላይ ቆመው አይነሱም፣ መኪና አጥፍተን ጠበቅናቸው።

ሁሺኒሽ ራሱ ቆንጆ ዳርቻ አለው፣ መኪና ማቆሚያም ሽንት ቤትም አለ፣ ብዙ ሰው እዛው ላይ ነው የሚቀረው። እኛ መኪናዋን አቁመን ወደ ሰሜን ሄድን፣ ሳሩን አቋርጠን የጀልባ መቆሚያዋ ጋ ስንደርስ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ እግር መንገድ ነው፣ በቀኝ ተራራው በግራ ቁልቁል ባህሩ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ጠበብ ይልና እግራችሁን አይታችሁ ካልረገጣችሁ ያስፈራል። ለእናቴ ፈርቼ ነበር፣ ግን እንጦጦ ማርያምን ከሽሮ ሜዳ በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት፣ ከፊቴ ሆና እየቀደመችኝ «አይዞሽ ቀስ በይ» ትለኛለች። ድንጋዩ ግራጫ ሆኖ ነጭና ሮዝ መስመር የገባበት ነው፣ ናይስ የሚባለው፣ አውሮፓ ውስጥ ካለው ድንጋይ ሁሉ በእድሜ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፣ እስከ 3 ቢሊዮን አመት ይሄዳል። እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ከፔርሙስ ቡና ጠጣን።

ጉብታውን ጨርሳችሁ መውረድ ስትጀምሩ ነው የሚታየው። ረጅም ነጭ አሸዋ፣ ከኋላው ሳር የበቀለበት የአሸዋ ክምር፣ ከፊቱ ጠባብ ባህር፣ ከባህሩ ማዶ ሙሉ ስካርፕ የምትባለዋ ደሴት። ሰው የለም። ዱካም አልነበረም፣ ውሀው ገና መሸሹ ነበር መሰለኝ አሸዋው ለስልሷል። ይሄ የባህር መሸሽና መምጣት ነገር ሀይቅ ብቻ እያየ ላደገ ሰው ይገርማል፣ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ይሄዳል ይመለሳል፣ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ በዛ አካባቢ ልዩነቱ 4 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ስለዚ ጠዋት ያያችሁት ዳርቻና ከሰአት የምታዩት አንድ አይደለም። እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ ወዲያው «ወይኔ!» ብላ ጮኸች፣ በበጋም ቢሆን ውሀው ከ13፣ 14 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ግን አልወጣችም። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ቀድታ ቀመሰችው። «እውነትም ጨው ነው» አለች። ሲባል ሰምታ ኖራ አሁን በራሷ ምላስ ማረጋገጧ ነው። ፊቷን ታጠበች፣ ለጎረቤቶቿ ብላ ትንሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘች፣ ፀበል አይደለም እማዬ ብላት «እሱም የፈጠረው ነው» ብላ ክዳኑን አጠበቀች።

ከዛ ቁጭ አልን፣ ዳቦ ቆርሰን እየበላን ስካርፕን ማየት ጀመርን። ከማዶ ቤቶች ይታያሉ፣ አንዳንዱ ጣሪያ ያለው ሌላው ግድግዳ ብቻ የቀረ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ጭስ የለም» አለች። «ሰዎቹ የት ሄዱ?»

የማውቀውን ነገርኳት። በ1880ዎቹ እዛች ደሴት ላይ ከ200 በላይ ሰው ይኖር ነበር፣ ድንችና ገብስ የሚዘሩ፣ ላምና በግ ያላቸው፣ አሳ የሚያጠምዱ። ባህሩ በጠባቡ ቦታ 1 ኪሎሜትር እንኳን አይሞላም፣ በጥሩ ቀን ልጅ ይቀዝፈዋል፣ ግን ጥሩ ወደብ ስለሌለ ማዕበል ሲነሳ መሻገር አይቻልም፣ ለቀናት ይዘጋሉ። በ1934 መጀመሪያ ላይ አንዲት የስካርፕ ሴት አንዱን ልጅ ደሴቷ ላይ ወልዳ ሁለተኛው እምቢ ሲላት በጀልባ ተሻግራ፣ በመኪና ተጭና፣ ሉዊስ ላይ ሆስፒታል ሄዳ ወለደችው፣ መንታዎቹ በተለያየ ቀንና በተለያየ ደሴት ተወለዱ። ይሄ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ያው በዛው አመት ሀምሌ ላይ ጌርሃርድ ዙከር የሚባል ጀርመናዊ መጥቶ ፖስታ በሮኬት ላሻግር አለ። በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ሮኬት ውስጥ ጠቀጠቀና ለኮሰው፣ እዛው ፈንድቶ ደብዳቤው ተበተነ። ሰዎቹ ለዶክተር መሻገሪያ ደህና የጀልባ ማቆሚያ ነበር የሚያስፈልጋቸው፣ የመጣላቸው ሮኬት ነው። ወጣቱ ቀስ በቀስ ወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1971 ወጥተው አለቀ። አሁን አንዳንዶቹ ቤቶች በበጋ ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች ናቸው የሚጠቀሙባቸው።

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ማን አስወጣቸው?» አለች። ማንም እንዳላስወጣቸው፣ ኑሮው እንደሆነ ስነግራት አልተዋጠላትም፣ እና እውነቷን ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት ያለ ታሪክ አለ። ያ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው ላስከንታየር ያለበት ምዕራቡ ዳርቻ የሃሪስ ለም መሬት ነው። ነፋሱ የዛጎሉን አሸዋ ወደ መሬቱ ሲነፍሰው ኖሮ ማኸር የሚባል ሜዳ ይፈጥራል፣ ሰኔና ሀምሌ ላይ መሬቱ አበባ ብቻ ነው፣ ቢጫ ነጭ ወይንጠጅ፣ በአለም ላይ ሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድና አየርላንድ ምዕራብ ብቻ ነው ያለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ባለመሬቶቹ ከሰው በግ ያዋጣል ብለው ገበሬውን ከዛ ሜዳ ነቅለው አስወጡት። ገሚሱ ካናዳ ተጫነ፣ ገሚሱ ወደ ምስራቁ ዳርቻ ተገፋ፣ እዛ ያለው ደሞ ድንጋይ ነው፣ አፈር ሲባል የለም። የባህር አረምና አፈር በቅርጫት ተሸክመው ድንጋይ ላይ ከምረው ነበር ድንች የሚተክሉት፣ የነዛ መደቦች ምልክት ዛሬም ይታያል። ሰው ሲሞትባቸው እንኳን መቅበሪያ የሚሆን ጥልቅ አፈር ስለሌለ ሬሳውን ተሸክመው ተራራውን አቋርጠው ወደተነቀሉበት ምዕራብ ይዘውት ይሄዱ ነበር፣ መንገዱ እስከዛሬ አለ፣ ሰው ለሽርሽር ይሄድበታል።

እኔ ይሄን እየነገርኳት እናቴ እጇን አሸዋው ውስጥ ከታ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «እኛን ያስወጣን ትራክተር ነው» አለች።

በህይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አያቴ አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ ጭሰኛ እንደነበር አውቃለሁ፣ አሰላ ከተማ እንደገቡም አውቃለሁ፣ ለምን እንደገቡ ግን አልጠየኩም፣ ከተማ ሰው ሁሉ የሚገባበት ቦታ ነው ብዬ ነው መሰለኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በኛ አቆጣጠር ነው ይሄ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገብቶ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለመሬቶቹ ጭሰኛ ከሚያካፍሉ ራሳቸው በትራክተር ማረስ ይሻለናል አሉ፣ በጭላሎ ብዙ ሺህ ሰው እንደዛ ሆኖ ነው የተነቀለው። እናቴ ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው አያቴ የጎጆውን በር ነቅሎ በአህያ ሲጭን ነው፣ በሩን ራሱ ነበር የሰራው፣ አልተውም አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር አያቴ አሰላ የቀን ሰራተኛ ነበር። «አለቀሰ» አለችኝ፣ «ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት እንጃ።» ተመልሶ አላረሰም።

ይሄን ሁሉ አመት አንድ ቤት እየኖርን ያልነገረችኝን እዛ፣ የማታውቀው አገር፣ የማታውቃቸው ሰዎች ባዶ ቤት ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ሲመስለኝ ቤቶቹን አይታ ነው። እኔ እነዛን ቤቶች ከዚህ በፊትም አይቻቸዋለሁ፣ ፎቶም አንስቻቸዋለሁ፣ ያምራሉ ብዬ። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው ጭስ አለመኖሩን ነው።

ስለዚ «ያልተነካ» «ድንግል» «የሰው እግር ያልረገጠው» እያሉ እነዚህን ዳርቻዎች የሚያስተዋውቁ ፅሁፎችን ሳነብ አሁን ይከብደኛል። ተረግጧል፣ ታርሷል፣ ተወልዶበታል። ዝም ያለው ሰው ስለተነሳ ነው። ይሄን ማወቅ ውበቱን አይቀንሰውም፣ እንደውም እኔ ከዛ በኋላ ነው በደንብ ያየሁት። ደሞ ታሪኩ በመነቀል ብቻ አላለቀም፣ ይሄን እናቴም በጣም ወዳዋለች። በ1886 የወጣ ህግ ገበሬዎቹ ከያዙት መሬት ዝም ብለው እንዳይባረሩ ከለከለ። በ2003 ደሞ የሰሜን ሃሪስ ነዋሪዎች ተሰባስበው ከ22,000 ሄክታር በላይ መሬት ገዙ፣ ተራራውንም ሸለቆውንም ዳርቻውንም፣ ኖርዝ ሃሪስ ትረስት የሚባል የራሳቸው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ሌቨርሂዩም በአንድ ፊርማ የገዛት ደሴት ላይ ማለት ነው። እማዬ ገና መኪናዋን ስናቆም «መግቢያው ስንት ነው?» ብላኝ ነበር፣ ነፃ ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ በዛው በ2003 የወጣው ህግ ማንም ሰው በማንም መሬት ላይ በስነስርአት እስከሄደ ድረስ መሄድም ድንኳን መትከልም ይፈቅድለታል፣ ቤትና ግቢ እስካልገባ፣ ሰብል እስካልረገጠ። ይሄን ከመሬት ታሪኩ ጋር አያይዤ ስነግራት «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ጭኗን መታ።

ከሰአት በኋላ ዳመናው ከስካርፕ ጀርባ መጣ፣ ዝናቡ ባህሩ ላይ ሲሄድ ከሩቅ ይታያል፣ ሳይደርስብን ጉብታውን ወጥተን ጨረስን ግን የመጨረሻዋ ቁልቁለት ላይ አገኘን። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተያይዘን ወረድን። ማታ ሴትዮዋ ካልሲያችንን ምድጃው ጋ ሰቅለው ሾርባ ሰጡን፣ እናቴ የስካርፕን ነገር አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፣ እኔ እስኪደክመኝ ተረጎምኩ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከግንቦት እስከ መስከረም ጥሩ ነው፣ ሰኔ ላይ ከምሽቱ 4 ሰአት በኋላም ብርሀን አለ። ነፋስ ከሌለ ሚጅ የምትባል ደቃቅ ትንኝ አትለቃችሁም፣ መከላከያ ያዙ። መርከቡን በጊዜ ቡክ አድርጉ፣ በተለይ መኪና ካላችሁ በበጋ ይሞላል። ከታርበርት ሳትወጡ ነዳጅም ምግብም ያዙ፣ ቅዳሜ ማታ ለእሁድ ጭምር ግዙ። በጠባቧ መንገድ ማሳለፊያ ቦታዎቹ ላይ መኪና አታቁሙ፣ ሰዎቹ ስራ የሚሄዱበት መንገድ ነው። የበግ በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ ዝጉት። ስካርፕ ፊት ለፊት ያለው ባህር ጠባብ ስለሆነ ውሀው በጉልበት ነው የሚያልፈው፣ ዳር ላይ እግራችሁን ንከሩ እንጂ ለመሻገር አትዋኙ። ለመንገዷ የተራራ ጫማ አድርጉ፣ በስኒከር የሚሄድ ሰው አይቻለሁ፣ ዝናብ ከመጣ ቁልቁለቷ አደገኛ ናት።